ከንድፉ በፊት የሚጻፍ ዋጋ



የግብዣችሁ ደብዳቤ አንድ ጥያቄ ነበረበት። ስዊድናዊው የቤት ዕቃ ሻጭ አይኪያ ዕቃውን በዝቅተኛ ዋጋ እየሸጠ እንዴት ይህን ያህል ዘመን ቆየ? የሚል ነው። ጥያቄው ሲነሳ ብዙ ጊዜ የምንሰማው መልስ ይታወቃል። «ብዙ ስለሚያመርት ነው» የሚል አለ፤ «ርካሽ ጉልበት አግኝቶ ነው» የሚል አለ፤ «ጥራቱን ቀንሶ ነው» የሚልም አይጠፋም። ሁሉም ውስጥ የተወሰነ እውነት አለ። እኔ ግን ዛሬ ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም ነገር ይዤ ቀርቤአለሁ። ዋጋ የሚቀነሰው ዕቃው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ አይደለም፤ ገና ሳይነደፍ ነው። ይህችን ሐሳብ ዛሬ ደጋግሜ አነሳታለሁ፤ ታገሡኝ።

አካሄዴን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ድርጅቱ ከየት እንደተነሳ ባጭሩ እናያለን። ቀጥሎ ዋጋን ከንድፍ የማስቀደም ልማዱን፣ ከዚያ ጭነቱን፣ ከዚያም ለደንበኛው የተተወውን ሥራ እናያለን። በመጨረሻ ይህ ርካሽነት ማንን ምን እንዳስከፈለ እናነሳለን። ጊዜ የምወስደው ጭነቱ ላይ ነው፤ በእኛ አገር የቤት ዕቃ ሥራ ብዙ ገንዘብ ሳይታወቅ የሚፈስሰው እዚያ ነው ብዬ ስለማምን ነው። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ድርጅቱ የተነሳበት ስሞላንድ ደቡብ ስዊድን ውስጥ ያለ፣ ጫካና ድንጋይ የበዛበት አውራጃ ነው። መሬቱ ለገበሬ የማይመች ስለነበር በ19ኛው መቶ ዘመን ብዙ ሕዝብ ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሰዷል። ኢንግቫር ካምፕራድ እዚህ አገር በ1926 ተወለደ፤ በ1943 ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳለ አይኪያን አቋቋመ። ያን ጊዜ የሚሸጠው እስክሪብቶ፣ የኪስ ቦርሳ፣ የፎቶ ክፈፍ ነበር። በፖስታ የሚላክ ትናንሽ ዕቃ ማለት ነው። ዕቃውን ወደ ባቡር ጣቢያ የሚያደርስለት ከገበሬዎች ወተት የሚሰበስበው መኪና ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የራሱን መኪና ሳይገዛ፣ መንገዱን አስቀድሞ በሚሄድ መኪና ላይ ዕቃውን ጫነ። የቤት ዕቃ የጨመረው በ1948 ነው። በ1953 ደግሞ ኤልምሁልት በምትባል ትንሽ ከተማ ሰው ዕቃውን በእጁ ነክቶ፣ ተቀምጦበት የሚያይበት ማሳያ ቤት ከፈተ።

ዋጋው ዝቅ ማለቱ ሌሎቹን የስዊድን የቤት ዕቃ ነጋዴዎች አስቆጣቸው። በ1950ዎቹ ከንግድ ትርኢት አገዱት፤ አምራቾችም ለእርሱ እንዳይሸጡ ተጫኗቸው። ከዚህ ጫና ሁለት ነገር ወጣ። ሌላው ነጋዴ የሚሸጠውን ዓይነት ዕቃ ከአምራች ማግኘት ስላቃተው የራሱን ንድፍ ማሠራት ጀመረ። አገር ውስጥ አቅራቢ ሲያጣ ደግሞ በ1961 ፖላንድ ድረስ ሄዶ አምራች ፈለገ። ንድፉ በእጁ ባይገባ ኖሮ ዛሬ የምናወራው ነገር ባልኖረ ነበር፤ ሌላ ሰው የሠራውን ገዝቶ የሚሸጥ ነጋዴ ዋጋ መከራከር እንጂ ዋጋ መንደፍ አይችልም።

በ1956 ገደማ ጊሊስ ሉንድግሬን የሚባል ወጣት የድርጅቱ ሠራተኛ ሦስት እግር ያላትን፣ ላይዋ በቅጠል ቅርጽ የተቆረጠ ጠረጴዛ መኪና ውስጥ ሊያስገባ ይታገላል። አልገባ ስትለው እግሯን ነቅሎ ከሥሯ አስተኛው። የአይኪያ ሰዎች በጠፍጣፋ ካርቶን የመሸጥ ታሪካቸውን ሲተርኩ ከዚህች ጠረጴዛ ይጀምራሉ። ለእውነት ሲባል ግን ዕቃን ፈታቶ መላክ ከእነርሱ በፊትም ነበር። ሚካኤል ቶኔት የሚባል ጀርመን የተወለደ አናጢ፣ በኦስትሪያ ግዛት ሆኖ፣ በ1859 እንጨት በእንፋሎት አጥፎ ቁጥር 14 የተባለችውን የካፌ ወንበር ሠራ። ወንበሯ ስድስት እንጨት፣ አሥር ቪቴና ሁለት ዳዶ ብቻ ናት። ተፈታትታ ስትታሸግ በአንድ ሜትር ኩብ ሣጥን ውስጥ 36 ወንበር ይገባ ነበር። በዚህ መንገድ ባሕር ተሻግራ በዓለም ዳርቻ ተሸጠች። አይኪያ ይህን አሮጌ ጥበብ የንግዱ ሁሉ መሠረት አደረገው፤ የእርሱ ድርሻ ይህ ነው፤ ቀላል ድርሻም አይደለም።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ዋጋው ይቀድማል።

አብዛኛው የእንጨት ሥራ ቤት ዋጋ የሚያወጣው እንዴት ነው? የእንጨቱን፣ የኮላውን፣ የቫርኒሹን፣ የማጠፊያውን፣ የሠራተኛውን፣ የቤት ኪራዩን ይደምራል፤ ትርፉን ይጨምርበታል። ድምሩ ስንት መጣ? ዋጋው እርሱ ነው። ገዢው ሲያማርር «ዕቃው ተወዷል» ይባላል፤ ነገሩ እዚያ ያበቃል። አይኪያ ዘንድ አካሄዱ የተገለበጠ ነው። መጀመሪያ «ይህች ጠረጴዛ በስንት ብትሸጥ ብዙ ሰው ይገዛታል?» ተብሎ ዋጋዋ ይጻፋል። ከዚያ ነድፎ የሚሠራው ሰው፣ የቁሳቁስ አዋቂውና የፋብሪካው መሐንዲስ አንድ ላይ ተቀምጠው ያን ዋጋ የሚያሟላ ነገር ይፈልጋሉ። ነዳፊው ባለሙያ ቆንጆ ሥዕል ሠርቶ ለሌላ ሰው የሚያስረክብ አይደለም። ፋብሪካው ውስጥ ማሽኑ ምን እንደሚችል፣ ከአንድ ሉህ ስንት ቁራጭ እንደሚወጣና ቁርጥራጩ ምን እንደሚሆን ያያል።

ላክ የተባለችውን ትንሽ የሳሎን ጠረጴዛ ውሰዱ። በ1980 አካባቢ የወጣች ናት። እግሯ ወፍራም፣ ላይዋም ወፍራም ነው፤ ስታነሷት ግን ቀላል ናት። ምክንያቱ ውስጧ ነው። ከዳር ዳር ክፈፍ አላት፤ ከላይና ከታች ስስ ሉህ ተለብዶባታል፤ መካከሉ በማር እንጀራ ዓይነት የተሠራ ወረቀት ነው። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ባለሙያዎች ይህን አሠራር ከቤት ውስጥ በር ታውቁታላችሁ። የአይኪያ ሰዎችም ያመጡት ከዚያው ከበር ሥራ ነው። ክብደት የሚያርፍበት ቦታ ላይ እንጨት አለ፤ በማያርፍበት ቦታ የለም። ሻይና መጽሔት የሚቀመጥባት ጠረጴዛ ያን ያህል ይበቃታል። እዚህ ላይ «ጥራት ቀነሰ» ማለት ይቻል ይሆናል። እኔ ግን ለምን ሥራ እንደተሠራች ጠይቆ ለዚያ ሥራ በሚበቃ መጠን ቁሳቁስ ማዋል የጥራት መለኪያ መሆኑን አጥብቄ አምናለሁ። ጥራት ማጉደል የሚሆነው ለሻይ የተሠራችውን ለከባድ ሥራ ብሎ መሸጥ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ቢሊ ነው። በ1979 ያው ሉንድግሬን የነደፈው የመጻሕፍት መደርደሪያ ነው። ቀጥ ያለ፣ ጌጥ የሌለው፣ ከቺፑድ የሚሠራ። ከ60 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ይህ መደርደሪያ ከመጀመሪያው ጀምሮ በአብዛኛው የሚመረተው ዩለንስቫን በተባለ ደቡብ ስዊድን ውስጥ ባለ ፋብሪካ ነው። ስዊድን! የሠራተኛ ደመወዝ ከፍ ካለባቸው አገሮች አንዷ። ርካሽ ዕቃ ሁሉ ከርካሽ ጉልበት ይመጣል ለሚል ሰው ይህ መልስ ነው። የተሳካው አንድን ንድፍ ለአሠርት ዓመታት ሳይለቁ፣ ማሽኑን ለእርሱ ብቻ እያስተካከሉ፣ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ብክነት እየቀነሱ በመሄድ ነው። አምራቹም ነገ ትእዛዙ ይቋረጥብኝ ይሆን ብሎ ስለማይሰጋ ውድ ማሽን ለመትከል ይደፍራል። የረጅም ጊዜ ውል ዋጋ የሚቀንሰው በዚህ በኩል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ወደ ጭነቱ ልሂድ። ሁለተኛው ነጥቤ ነው፤ የዛሬው ንግግሬ ልብም እርሱ ነው።

ወዳጆቼ፣ የቤት ዕቃ የጫነ መኪና ስታዩ ምን ታያላችሁ? አንድ አይሱዙ ሦስት ሶፋ፣ ሁለት ቁምሳጥን፣ አንድ ቡፌ ጭኖ ሲሄድ ከሩቅ የሞላ ይመስላል። ከሞላው ውስጥ አብዛኛው ግን አየር ነው። በቁምሳጥኑ ውስጥ ያለ አየር፣ በወንበሩ እግሮች መካከል ያለ አየር፣ በሶፋው ሥር ያለ አየር። ባለመኪናው ግን ኪራዩን የሚጠይቀው ስለ ሞላው ቦታ ነው። አየሩም ይከፈልበታል።

እስቲ አብረን እናስላው። ቁመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁምሳጥን አለን እንበል። ተገጥሞ የሚይዘው ቦታ 1.2 ሜትር ኩብ ነው። አሁን ፈትተን እንየው። ሁለት ጎን፣ ላይና ታች፣ አንድ መደርደሪያ፣ ሁለት በር። ሁሉም ሲደመር 6 ካሬ ሜትር ከትንሽ ይሆናል። ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ስሷን የጀርባ ሉህ ጨምረን እንኳ 0.12 ሜትር ኩብ አይሞላም። ካርቶኑንና የማዕዘን መከላከያውን በሰፊው አስበን 0.15 ብንለው፣ በአንዱ ቁምሳጥን ቦታ ስምንት ይገባል። ስምንት! እንጨቱ ያው፣ ሥራው ያው፣ ዕቃው ያው ነው።

ስሌቱን አንድ እርምጃ እንቀጥል። የጭነት ቦታው 17 ሜትር ኩብ የሆነ፣ 5 ቶን የሚጭን መኪና ብንወስድ፣ የተገጠመ ቁምሳጥን 14 ብቻ ይይዛል። አንዱ 75 ኪሎ ቢመዝን ጭነቱ ገና ወደ 1 ቶን ነው። መኪናው ሳይከብደው ሞላ ማለት ነው፤ ከአቅሙ አራት አምስተኛው ሥራ ፈቶ ይጓዛል። የተፈታውን ስንጭን ግን ነገሩ ይለወጣል። ከ60 በላይ ቁምሳጥን ስንጭን 5 ቶኑ ይሞላል፤ ቦታው ግን ገና ይተርፋል። አሁን የሚያስቸግረን ክብደቱ ሆነ። ስለዚህ ነዳፊው ተመልሶ «ይህን ሉህ እንዴት ላቅልለው?» ብሎ ይጠይቃል። ቅድም ያልኳችሁ ባለ ወረቀት ጠረጴዛ የዚህ ጥያቄም መልስ ናት። ጭነቱና ንድፉ እንዲህ ተያይዘዋል፤ መኪናውን የማያውቅ ነዳፊ ዋጋውን አያውቅም።

አይኪያ ይህን ነገር እስከ ትንሿ ዕቃ ድረስ ወስዶታል። በ1990ዎቹ ባንግ የተባለች ባለ እጀታ ኩባያ ነበረችው። መጀመሪያ በአንድ ፓሌት ላይ 864 ኩባያ ይደረደር ነበር። ጠርዟን ጨምሮ ቅርጿን አስተካከሉና 1,280 ገባ። እንደገና ቁመቷን አሳጠሩ፣ እጀታዋን ለወጡ፤ 2,024 ገባ። ቡና የምትይዘው ያው ኩባያ ናት። መጓጓዣዋ ግን ከግማሽ በላይ ወረደ። አጭር ስለሆነችም በሸክላ መተኮሻው ምድጃ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገባው ቁጥር ጨመረ። አንድ ለውጥ ሁለት ቦታ ላይ ዋጋ ቀነሰ።

ግሊማ የምትባል ትንሽ ሻማ አለች፤ በአንድ ጥቅል መቶ ሆና የምትሸጥ። ሻማዎቹ ድሮ በከረጢቱ ውስጥ እንደመጡ ይፈስሱ ነበር፤ ከረጢቱም ያብጣል፤ ካርቶኑ ውስጥ ክፍት ቦታ ይቀራል። አንድ ቀን በረድፍ ደርድረው በፕላስቲክ ጠቀለሏት። ሻማዋ አልተለወጠችም፤ አደራደሯ ብቻ ተለወጠ፤ በዚያም ብዙ የመኪና ምልልስ ቀረ። ኤክቶርፕ የተባለው ሶፋም እንደዚሁ ነው። ሶፋ ጠፍጣፋ አይሆንም ተብሎ ለብዙ ዓመት ተገጥሞ ይላክ ነበር። በ2010 አካባቢ መደገፊያውንና ክንዱን የሚፈታ አድርገው እንደገና ነደፉት። የካርቶኑ መጠን በግማሽ ወረደ፤ በዓመት ከ7,000 በላይ የጭነት መኪና ጉዞ እንዳስቀረ ድርጅቱ ተናግሯል። የሸቀጡ ዋጋም ተቀነሰ። ከሥር ያለው የእንጨት ፓሌት ሳይቀር አልተረፈም፤ ከ2012 ወዲህ በአብዛኛው በካርቶን በተሠራ ቀላል ፓሌት ተክተውታል። የእንጨቱ ፓሌት ከባድ ነበር፣ ከፍታ ይወስዳል፣ ባዶውንም መመለስ ያስፈልጋል። የካርቶኑ እዚያው በደረሰበት ተጨምቆ እንደገና ወረቀት ይሆናል።

ይህ ለእኛ ከማንም በላይ ይገባናል። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ የኮንቴይነር ኪራይ ደግሞ ውስጡ አየር ቢሆን ወርቅ ቢሆን አይለይም። ከከተማ ወጥቶ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ሐዋሳ የሚሄድ ሶፋም በየጉዞው አየር ይዞ ይሄዳል። ቀጥሎ ደግሞ ደረጃው አለ። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ኮንዶሚኒየም ቤት፣ አሳንሰር የለውም፣ የደረጃው መታጠፊያ ጠባብ ነው። ጫኝና አውራጆቹ ከታች ዋጋ ይከራከራሉ፤ ቁምሳጥኑ መታጠፊያው ላይ ይያዛል፤ በመጨረሻ በገመድ በበረንዳ በኩል ይሳባል። ቁምሳጥኑ ላይ የተቧጨረው፣ ግድግዳው ላይ የተላጠው፣ ለገመዱ የተከፈለው ገንዘብ ሁሉ ማንም በዋጋው ውስጥ ያልጻፈው ዋጋ ነው። ይህን ችግር በቫርኒሽ ወይም በቅናሽ ማስተካከል አይቻልም። የሚስተካከለው ቁምሳጥኑ ሲነደፍ ነው። ዋጋ የሚቀነሰው ገና ሳይነደፍ ነው ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ለደንበኛው ስለተተወው ሥራ ነው።

በ1965 አይኪያ ስቶክሆልም ዳርቻ ላይ ትልቅ ሱቅ ከፈተ። በመክፈቻው ቀን የመጣው ሕዝብ ሠራተኞቹ ሊያስተናግዱት ከሚችሉት በላይ ሆነ፤ ስለዚህ መጋዘኑ ተከፍቶ ሰው ራሱ እየገባ ዕቃውን እንዲያወጣ ተደረገ። የዚያን ቀን መፍትሔ ኋላ ቋሚ አሠራር ሆነ። ዛሬ ደንበኛው ከላይ በማሳያ ክፍሎቹ ያልፋል፤ የወደደውን ዕቃ ቁጥር ይይዛል፤ ከታች መጋዘን ገብቶ በረድፍና በመደርደሪያ ቁጥር ካርቶኑን ያገኛል፤ በጋሪ ገፍቶ፣ ከፍሎ፣ በራሱ መኪና ይወስዳል። ሱቆቹ በብዛት ከከተማ መሀል ወጣ ብለው፣ መሬት ረከስ በሚልበት፣ ከትልቅ መንገድ አጠገብ የሚሠሩትም ለዚህ ነው። ቤት ሲደርስ ደግሞ ባለ ስድስት ማዕዘን ጎንበስ ያለች ቁልፍ ከካርቶኑ ያወጣና ይገጥማል።

መጋዘን ሠራተኛ፣ አመላላሽ፣ ገጣጣሚ፤ ደንበኛው የሦስቱን ሥራ ሠራ። ዋጋው ዝቅ ያለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ድርጅቱም አልደበቀውም። አንተ የበኩልህን ትሠራለህ፣ እኛ የበኩላችንን፣ አብረን እንቆጥባለን የሚል ስምምነት ነው። የመግጠሚያው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ሥዕል ብቻ ነው፤ አንድ ወረቀት በየቋንቋው መተርጎምና መለየት ሳያስፈልገው ለሁሉም አገር ያገለግላል። በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ ወገኖቻችን በዉድብሪጅ፣ በቨርጂኒያ፣ ወይም በኮሌጅ ፓርክ፣ በሜሪላንድ፣ ሱቁን ያውቁታል፤ በእስራኤል ያሉት በናታንያ፣ በኤምሬትስ ያሉት በዱባይ። አገር ከለወጠ ገና አንድ ወር ያልሞላው፣ የአገሩን ቋንቋ በቅጡ የማያነብ ሰው ሥዕሉን እያየ አልጋውን ገጥሞ የሚተኛበት ነው። ይህን እኔ ትልቅ አክብሮት አድርጌ አየዋለሁ። ገዢው ማንንም ሳይጠይቅ፣ ሳይሳቀቅ የሚገጥምበትን መንገድ ዕቃውን የሠራው ሰው አዘጋጅቶለታል።

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩ ሦስት ተመራማሪዎችም በ2012 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በገዛ እጃቸው የገጠሙትን ዕቃ ሌላ ሰው ከገጠመው የበለጠ ዋጋ እንደሚሰጡት አሳይተዋል። ይህ የሚሆነው ግን ገጥመው ሲጨርሱ ነው። ቀዳዳው ከቀዳዳ ካልገጠመ፣ አንድ ቪቴ ከጎደለ፣ ደስታው ወደ ቁጣ ይለወጣል። ስለዚህ ሥራውን ለደንበኛው የሚያስተላልፍ አምራች ራሱ ከበፊቱ የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። አናጢ ቤት ድረስ መጥቶ ሲገጥም ሁለት ሚሊ ሜትር ስሕተት እዚያው በመላጊያ ያስተካክላል። በካርቶን ለተሸጠ ዕቃ ግን ያ ዕድል የለም።

አሁን ወደ አራተኛው ነጥብ እመጣለሁ። ርካሽነቱ ማንን ምን አስከፈለ? ይህን ሳልናገር ብወርድ እናንተንም እውነትንም መበደል ነው።

በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ ለአይኪያ አቅራቢዎች ይሠሩ ከነበሩት መካከል የፖለቲካ እስረኞች ነበሩበት። ድርጅቱ ይህን በ2012 ባስጠናው ምርመራ አምኖ ይቅርታ ጠይቋል፤ በ2024 ደግሞ የጀርመኑ ቅርንጫፍ ለተጎጂዎች መርጃ 6 ሚሊዮን ዩሮ ለመስጠት ተስማምቷል። አሥርተ ዓመታት አልፈው ማለት ነው። ዋጋን አስቀድሞ ጽፎ «በዚህ አድርሱልኝ» የሚል ገዢ፣ ከሰንሰለቱ ሥር ያለው ሰው በምን ሁኔታ እንደሚያደርስለት ካላየ፣ ዋጋው የሚቀነሰው ከሰው ነው። ድርጅቱ በዓለም እጅግ ብዙ እንጨት ከሚጠቀሙት አንዱ በመሆኑም ስለ ደን የሚነሳበት ጥያቄ አልቀረም፤ አይቀርምም።

ሌላው የበለጠ ያሳዝነኛል፤ ለእኛ ሥራም የቀረበ ነው። ማልም የተባለ ባለ መሳቢያ ሣጥን አለ። ቀላል፣ ቆንጆ፣ ርካሽ። ግድግዳ ላይ ካልታሰረና ሕፃን መሳቢያዎቹን ስቦ ከተንጠለጠለበት ወደ ፊት ይወድቃል። ሕፃናት ሞቱ። በ2016 አሜሪካ ውስጥ ማልምንና መሰሎቹን ጨምሮ 29 ሚሊዮን ገደማ ሣጥን እንዲመለስ ተጠራ። ከግድግዳ ጋር የሚያስረው ብረት ከካርቶኑ ጋር ይመጣ ነበር፤ ነገር ግን ማሰሩ ለደንበኛው ተትቷል፤ ብዙ ደንበኛ ደግሞ አላሰረም። ሥራን ለደንበኛ ስታስተላልፍ አደጋውን አብረህ ልታስተላልፍ አትችልም። መሳቢያው ተስቦ ክብደት ቢያርፍበት የማይገለበጥ ሣጥን መንደፍ የነዳፊው ግዴታ ነው፤ ዋጋው ሲጻፍ ይህ ወጪ አብሮ መጻፍ ነበረበት።

ስለ ዕድሜውም አንድ ነገር ልበል። ቺፑድ ውኃ ይጠላል፤ ተፈትቶ እንደገና ሲገጠም ቪቴው የገባበት ቀዳዳ ይላላል። በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ቤት የሚቀይር ተከራይ ቁምሳጥኑን ሦስት ጊዜ ካዘዋወረው አራተኛውን ላይችል ይችላል። ስለዚህ የአይኪያን ዕቃ አይቶ መልኩን መቅዳት ለእኛ አይበቃም። የኑሯችንን ሁኔታ ዓይተን ነው መንደፍ ያለብን፤ ብዙ የሚዘዋወር ሕዝብ እንዳለን አውቀን፣ ደጋግሞ ቢፈታ የማይላላ መጋጠሚያ፣ ለምሳሌ በእንጨቱ ውስጥ የሚቀበር የብረት ዳዶ፣ ከመጀመሪያው ማስገባት ነው። ትንሽ ያስወድደዋል፤ አዎ። ግን ዋጋውን ከእኛ ገዢ ሕይወት ተነስቶ መጻፍ ማለት ይህ ነው።

ከዚህ አዳራሽ የሚወጣ ባለሙያ ነገ ሊሞክረው የሚችለው ነገር ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። አንደኛው፣ ጀርመኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያስፋፉት ባለ 32 ሚሊ ሜትር ሥርዓት የሚባለው ነው። በቁምሳጥን ጎን ላይ ቀዳዳዎች ሁሉ በ32 ሚሊ ሜትር ርቀት ይበሳሉ፤ ማጠፊያውም፣ የመሳቢያው ሐዲድም፣ የመደርደሪያው መያዣም በዚያው ልክ ይገጠማል። አሥር የእንጨት ሥራ ቤቶች በአንድ ልክ ቢስማሙ ማጠፊያና ቪቴ በጋራ፣ በብዛት፣ በተሻለ ዋጋ ሊያስመጡ ይችላሉ። የአንዱ በር ለሌላው ጎን ይሆናል። ደንበኛውም ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ መደርደሪያ ሲጨምር ያገኘዋል። ውጭ ምንዛሪ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ይህ የሚናቅ ነገር አይደለም። የጋራ ማኅበር ያላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት በልኩ ላይ ተነጋገሩ።

ሁለተኛው ሜትር ይዞ መውጣት ነው። የምትከራዩትን መኪና የጭነት ቦታ ለኩ፤ የምትሸጡበትን ሰፈር ደረጃ መታጠፊያ ለኩ፤ የበሩን ስፋት ለኩ። ቁጥሮቹን ንድፍ የምትሠሩበት ግድግዳ ላይ ለጥፏቸው። ንድፉ ያንን ካላለፈ ወደ መጋዙ አይሂድ።

ሦስተኛውን፣ ዕቃን ከግድግዳ ጋር ማሰርን፣ ከማልም ጋር አያይዤ አንስቼዋለሁ፤ ግን ለኮንዶሚኒየም ቤት የተለየ ነገር አለው። ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው፤ ተራ ምስማር አይዝም። ስለዚህ ረጅም ቁምሳጥን ወይም ባለ መሳቢያ ሣጥን በካርቶን የሚሸጥ ሰው የሚያስረውን ብረት ብቻ ሳይሆን ባዶ ብሎኬት ውስጥ የሚይዝ ፊሸር አብሮ ማስገባት አለበት። አገጣጠሙን የሚያሳየው ሥዕልም ከመጨረሻው ገጽ ወጥቶ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይሁን። ሣጥኑም ግድግዳው ላይ ሳይታሰር በፊት መሳቢያው የማይከፈት ተደርጎ ሊነደፍ ይችላል፤ አይኪያ ራሱ ከዚያ ጥሪ በኋላ በዚህ አቅጣጫ የሠራቸው አዳዲስ ሣጥኖች አሉ።

በዚህ ላይ በተለይ የብረት ሥራ የምታውቁ ሰዎች የምትሉትን መስማት እፈልጋለሁ። መድረኩ ለጥያቄ ክፍት ነው።